ኤሲው ጥሩ ነው፤ ያከሰረኝ «ነፃ ገጠማው» ነው

ይህን የምጽፈው የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ስለራሰ ነው። ማሽኑ ራሱ አላስቸገረኝም። ያቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ የሚነሳ ድምፅ የለውም፣ የመብራት ሂሳቡም ከፈራሁት በታች ነው የመጣው። ፀቤ ከማሽኑ ጋር ታስሮ ከተሰጠኝ «ነፃ ገጠማ» ጋር ነው።

ከገዛሁት ዓመት ሊሞላው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብትጠይቁኝ ኖሮ ምስጋና ብቻ ነበር የምትሰሙት። አየሩ ደረቅ ነበራ! ጉዱ የወጣው እርጥበት ያዘለ ሙቀት ሲመጣ ነው። መጀመሪያ ከውስጥ ዩኒቱ፣ ማለትም ክፍሉ ውስጥ ከሚሰቀለው የማሽኑ አካል፣ ሥር ቀጭን ቢጫ መስመር ታየች። ቀጥሎ ቀለሙ አበጠ። ጫን ሲሉት ውስጡ ውሃ አለ፤ ልስኑ በጥፍር ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ሌሊት ደግሞ ከማሽኑ ፊት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሳፋ ከሥሩ አስቀምጠን ነው የተኛነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሲ አየር ሲያቀዘቅዝ ውሃም ያወጣል። በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት የማሽኑን ቀዝቃዛ ቱቦዎች ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጥና ከሥር ባለች ገንዳ ይጠራቀማል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ውሃው ጥቂት ነው። እርጥበት ሲበዛ ግን አንድ የመኝታ ቤት ኤሲ በሰዓት 1 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። አብዛኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤሲ ደግሞ ውሃውን የሚገፋ ፓምፕ የለውም። ውሃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁልቁል መሄድ አለበት፤ በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር። መሃል ላይ ትንሽ ሽቅብ ካለ ውሃው እዚያው ይቆማል፣ ገንዳው ይሞላል፣ ትርፉ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እዚህ ላይ ማሽኑ ምንም ጥፋት የለበትም።

የኔ ቤት የውጭ ግድግዳ ኮንክሪት ነው። የውስጡ ብሎኬት ነው። ኮንክሪት ለመብሳት ትልቅ መሰርሰሪያ፣ ጊዜና ጉልበት ይፈልጋል፤ ቀዳዳው ስፋቱ 6 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል መሆን አለበት። ብሎኬቱ ግን ቶሎ ይበሳል። የመጡት ገጣሚዎች ዩኒቱን በብሎኬቱ ላይ ሰቀሉት፤ ከውጭው ግድግዳ በጣም ርቆ። ከዚያ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ከውጭ ዩኒቱ ጋር የሚያመላልሰውን የመዳብ ቱቦና የውሃ ቱቦውን በኮሪደሩ ጣሪያ ሥር ጎትተው፣ በመስኮቱ ጥግ አስወጡት። «ነፃ» የተባለው ገጠማ የሚሸፍነው 3 ሜትር ቱቦ ብቻ ነበር። የተረፈው ሜትር ሁሉ በኔ ሂሳብ ተጻፈ። ልብ በሉ፤ እነሱ ድካም የቀነሰላቸውን ግድግዳ መረጡ፣ የምርጫው ዋጋ ወደኔ ዞረ።

ሻጩ ይህን ቢያነብ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ደንበኛችን፣ ገጠማው እኮ ስጦታ ነው፤ በስጦታ ቅሬታ አለ እንዴ?» ስጦታማ አይደለም፣ ወንድሜ። ያንን ማሽን ያለ ገጠማ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅህ ዝቅ ያለ ዋጋ ነገርከኝ። ልዩነቱ የገጠማው ክፍያ ነው፤ ከፍያለሁ። «ቱቦ መርዘሙ በየቤቱ ያለ ነው» ካልከኝም፣ ቱቦ ሲረዝም እኮ መዳቡ ብቻ አይደለም የሚጨምረው። የውጭ ዩኒቱ ከፋብሪካ ተሞልቶ የሚመጣው ጋዝ ለተወሰነ ርዝመት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በየሜትሩ በግራም እየተመዘነ ይጨመራል። መሸፈኛ ስፖንጁም ይጨምራል። የማሽኑ የማቀዝቀዝ ብርታት ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ የለም።

በመጨረሻ ሌላ ቴክኒሻን አስመጣሁ፤ በራሴ ከፍዬ። ሰውየው ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ገንዳዋ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰሰና መሰላሉ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ውጭ ምንም አልወጣም። ኮሪደር ላይ ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ነቀለው። የውሃው ቱቦ በበሩ ፍሬም ላይ ሲያልፍ ጎብጦ ሽቅብ ወጥቷል፤ ከጉብታው በፊት ያለው ቱቦ ውስጥ ጥቁር አተላ ተኝቷል። ውሃ ልኩን አስቀመጠበትና «ይኸው፣ አንቺም እይው» ብሎ ጠራኝ። አረፋዋ ወደ በሩ ሄዳለች። ቱቦው መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ለማየት የሙያ ዓይን እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ሁለት መንገድ አቀረበልኝ። አንደኛው ትንሽ የውሃ ፓምፕ መግጠም ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ ግን መብራት ይፈልጋል፣ ያንጎራጉራል፣ የሚበላሽ አንድ ዕቃም ይጨምራል። ሁለተኛው ዩኒቱን ነቅሎ ወደ ኮንክሪቱ ግድግዳ ማዛወር ነው። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

ሲሠራ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ማሽኑን እያስኬደ ከሁለቱ የመዳብ ቱቦዎች ቀጭኑን በቁልፍ ዘጋና ጋዙን በሙሉ ወደ ውጭ ዩኒቱ ሰበሰበ። ቀጥሎ ወፍራሙን ዘጋ። እንዲህ ከተሰበሰበ ጋዝ አይባክንም። ኮንክሪቱን ሲበሳ መሰርሰሪያውን ትንሽ ወደ ውጭ አዘነበለው፤ ውሃው በቀዳዳው ውስጥም ቁልቁል እንዲሄድ። የመዳቡን ጫፎች ገጥሞ ሲጨርስ አየሩን ከቱቦው መጦ የሚያወጣ ቫኩም ፓምፕ አሰረበት። አየርና እርጥበት ቱቦው ውስጥ ከቀረ ከኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ሞተር) ዘይት ጋር ይገናኝና ውሎ አድሮ ማሽኑን ይጎዳል። ፓምፑን ካቆመ በኋላ ወዲያው አልተነሳም። የግፊት መለኪያው ጌጅ ላይ ያለችውን መርፌ እያየ ተቀመጠ። መርፌዋ ካልተንቀሳቀሰች መገጣጠሚያው አያስተነፍስም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ፓምፕ የሚባል ይዘው አልመጡም። ጋዙን ጥቂት ለቀው አየሩን በእሱ ገፍተው ነው ያስወጡት። የኔ ማሽን ጋዝ አር 32 ነው። በ100 ዓመት ስሌት ከባቢ አየርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እንዲያ ዝም ብሎ የሚለቀቅ ነገር አይደለም!

የዚህ ሁሉ ክፍያ የማሽኑን ዋጋ ሲሶ ያህል ደረሰ። ልስንና ቀለሙ ገና ነው። ሆኖም ተነጥሎ ሲታይ ያልተገባ ክፍያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ግድግዳው ምንድነው፣ ሁለቱ ዩኒቶች ምን ያህል ይራራቃሉ፣ ውሃው በየት ይወርዳል፤ ገንዘቡን የሚወስኑት በዋናነት እነዚህ ናቸው። የውጭ ዩኒቱ ፎቅ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ ለብረት ማቀፊያውና ለመወጣጫው ሌላ ክፍያ አለ። ኤሌክትሪኩም ይታሰብ፤ ኤሲ ከማብሰያና ከሶኬት ጋር ተጋርቶ ሳይሆን ከብሬከር ሳጥኑ በራሱ መስመር ቢመጣለት ነው የሚሻለው። ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ቴክኒሻን ስለሚፈለግ ያኔ ዋጋ ይወጣል፤ ሥራውም የጥድፊያ ይሆናል።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል፤ እዚህም ላይ ሻጮች ይገፋሉ። «18,000 ቢቲዩ ውሰጂ፣ ትልቅ ይሻላል» ብሎኝ ነበር፤ ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው። አልሰማሁትም፤ 12,000ውን ወሰድኩ። ይህ ወደ 3.5 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም ነው፤ ለኔ ክፍል በቂ ነው። ከክፍሉ በላይ የሆነ ማሽን ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ይቆማል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ሰው ይበርደዋል እንጂ አይመቸውም። ቱቦውም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም ወፍራም ስለሚሆን የገጠማው ወጪ አብሮ ይከብዳል።

እንግዲህ ዛሬ ማሽኑን ድጋሚ ትገዢዋለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ያንኑ ሞዴል። ገጠማውን ግን ከሻጩ አልወስድም። ቤቱን መጥቶ ሳያይ፣ ግድግዳውን ሳያንኳኳ፣ የውሃውን መውረጃ ሳይጠይቅ በስልክ ዋጋ የሚነግረኝን ሰው አላስገባም።

የጥገናውን ደረሰኝና የቱቦውን ፎቶ ይዤ ሱቁ ሄጃለሁ። ዋስትናው ማሽኑን እንጂ ገጠማውን አይሸፍንም አሉኝ። የዋስትናው ወረቀት ላይ ደግሞ ማሽኑ በእነሱ ሰዎች ካልተገጠመ ዋስትናው እንደሚቀር ተጽፏል። እንግዲያው የራሳቸው ሰዎች ለሠሩት ሥራ ማነው የሚጠየቀው? ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ መልሱንም በጽሑፍ እፈልጋለሁ።