ስም የለሹ ጋራዥ፣ የአባቴ ሂሉክስና አሥር ወር ከጳጉሜ

የአባቴን አሮጌ ሂሉክስ ስላሠራሁበት ጋራዥ ነው የምጽፈው፤ የቸኮለ ሰው ካለ ፍርዴን ከላይ ላስቀምጥለት። ሞተርና ቆርቆሮ የምታሠሩ ከሆነ ሳታመነቱ ሂዱ። ቀለም ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የመብራት ሥራ ከሆነ እግዜር ይርዳችሁ። የሚነገራችሁን ቀን ደግሞ በሦስት አባዙት።

ጋራዡ ስም የለውም። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስትወርዱ ገባ ብሎ፣ በሩ ላይ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ የተሰቀለበት ግቢ ነው። ግብር የሚከፈልበት ስም ይኖረዋል እንጂ ሰሌዳ የሚባል ነገር አላየሁም። ሰው ሁሉ «የማስተር ጋራዥ» ይለዋል፤ በዚያ ሰፈር ማስተር ያልተባለ መካኒክ ስለሌለ ይሄም አይረዳችሁም። ጎማውን ፈልጉ።

መኪናዋ የ1982 እ.ኤ.አ. ሂሉክስ ናት፤ ነጠላ ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ። ሞተሯ «ኤል» የሚባለው 2,188 ሲሲ ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። አባቴ በ1985 ዓ.ም. ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ሐራጅ ላይ ገዝቷት ከሃያ ዓመት በላይ ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ውጫሌ፣ ወደ መርሳ ገበያ ጨውና ስኳር አመላለሰባት። ስኳሩ ምንም አላደረጋትም። ጨው ግን ጆንያው በዝናብ በረጠበ ቁጥር እየተንጠባጠበ ካሶኒውን፣ የጭነት መያዣዋን፣ ከሥር በላው፤ መጨረሻ ላይ ወለሉን ስትረግጡት እንደ ድርቆሽ ይንኮሻኮሽ ነበር። የናፍጣ ሞተር ሲነሳ የሚያሞቁት ካንዴሌታዎቹም ከሞቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ተንደርድራ እንድትነሳ አባቴ ሁሌም ቁልቁለት ላይ ነበር የሚያቆማት፤ ደሴ ደግሞ ቁልቁለት አያሳጣም።

እሱ ካረፈ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ሰባት ዓመት ቆመች። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የጎረቤታችን መኪና ተወሰደ፤ እሷ ስለማትነሳ ተረፈች። እናቴ «ስንፍናዋ አወጣት» ትላለች። በጥር 2016 በኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጭኜ አዲስ አበባ አመጣኋት።

እዚህ ከመድረሴ በፊት ሦስት ጋራዥ ጠይቄ ነበር። ሦስቱም ኮፈኑን በደንብ ሳይከፍቱ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይሄን ጣለውና ስሪ ኤል እንጫንበት።» ስሪ ኤል የዚሁ ሞተር ታናሽ ወንድም ነው፤ 2,779 ሲሲ፣ ማሠሪያው የሚገጥም፣ ጉልበቱም የሚበልጥ። ለሥራ ብቻ የሚፈልጋት ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም። ማስተሩ ግን የዘይት መለኪያውን መዝዘው አሸተቱ፣ ጣታቸው ላይ አሻሹት፣ ከዚያ ቁልፍ አስገብተው ኮሎውን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ በእጃቸው አዞሩ። ዞረ። «አልተጣበቀችም» አሉ። «ሊብሬህ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ይሄ ነው። ሌላ ብጭንልህ መንገድ ትራንስፖርት ስትመላለስ ትከርማለህ። ደግሞ ምን አደረገችህ?»

ሞተሯ በአንድ ቀን ወረደች። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርጽ በእስክሪብቶ ሳሉና እያንዳንዱን ቡሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ካርቶኑን ወግተው ሰኩት። ስድስት ወር ሙሉ ያ ካርቶን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት፤ ልጆቹ ሲነኩት ሰውዬው ይቆጡ ነበር። ስንገጣጥም አንድም ዳዶ አልጎደለም። አንድም ደግሞ አልተረፈም፤ መኪና ያሠራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሲሊንደሩን ሲለኩ ጠርተው አሳዩኝ። ከፋብሪካ ሲወጣ 90 ሚሊ ሜትር የነበረው ጉድጓድ ከላይ በኩል ከታቹ ይልቅ ሰፍቷል። ቶርኖ ቤት ሄዶ በግማሽ ሚሊ ተፋቀ። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተላገ፣ ቫልቮቹ አንድ በአንድ በእጅ እየታሹ መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ፣ ብሮንዚኑ (የዘንጉ ማረፊያ)፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ሁሉ ተቀየረ። ስለ ታይሚንግ ቀበቶው ለብቻው ትምህርት ሰጡኝ፦ «ይሄ ሞተር ሰንሰለት የለውም፣ የጎማ ቀበቶ ነው። በተበጠሰ ቀን ፒስተንና ቫልቭ ይማታሉ፣ ሁሉንም እንደገና ትጀምራለህ።» ቀበቶው የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ሽፋኑ ላይ በነጭ ቀለም ጻፉት። የናፍጣ ፓምፑንና ኖዝሎቹን ራሳቸው አልነኩም፤ ፓምፕ ብቻ ወደሚሠራ ቤት ላኩ። የማያውቁትን አላውቅም የሚሉ መሆናቸው ለኔ ከሁሉም በላይ ነው። ይሄ ጠባይ እስከ ቀለም ድረስ ቢዘልቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ድምፅ እጽፈው ነበር።

ዕቃ ላይ ያላቸው ደንብ ግልጽ ነው፦ እሳቸው ይጽፋሉ፣ አንተ ትገዛለህ። ጊዜ ለሌለው ሰው ራስ ምታት ነው። እኔ ግን ወደድኩት፤ ከሻጩ ጋር ተስማምተው ዋጋ ላይ ጨመሩብኝ ብዬ አልጠረጠርኩም። እንዲያውም ስንት ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ውስጥ ዝርዝር ይዤ እንደዞርኩ አልቆጥረውም። «ኦርጅናል ነው?» ትላላችሁ። «ኦርጅናል ነው።» «የት ኦርጅናል?» «የታይዋን ኦርጅናል።» ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም። የፒስተኑን ስብስብ በሰኔ 24,000 ብር ጠርተውልኝ ደሞዝ ይውጣ ብዬ ተመለስኩ። በሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በመስከረም ያው ካርቶን፣ ያው አቧራ ላዩ ላይ፣ 43,000 ብር ሆኖ ጠበቀኝ። ዝርዝሩ እጃችሁ በገባ ቀን ግዙ፣ ተበድራችሁም ቢሆን። የፊት ፍሬቻዋን መስታወት ግን በገንዘብም አላገኘሁትም ነበር፤ ምናለሽ ተራ ከአንድ ጆንያ ሙሉ ስብርባሪ ሥር ወጣልኝ፤ በ300 ብር፣ ያውም ሙሉውን።

አሁን ቆርቆሮው። የቆርቆሮ ሠራተኛው ከሰላምታ በቀር ድምፁ የማይሰማ ወጣት ነው፤ ዋጋ እንኳ ሲጠየቅ ወደ ማስተሩ ያያል። ስቱኮ የሚባለውን የቆርቆሮ መሙያ ልስን ይጠላል። ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው፤ ከላይ ያምራል፣ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፣ በሁለተኛው ክረምት ቀለሙን አንስቶ ብቅ ይላል። እሱ ቆርጦ ያወጣል። የካሶኒው ወለል በሙሉ ወጣ። ባትሪው የተቀመጠበት፣ አሲድ የበላው የጋቢናው ፊት ወጣ። ከበሩ በላይ ያለው የውሃ መውረጃ እንኳ በጣት ርዝመት በጣት ርዝመት እየተቆረጠ ተተካ። ለወለሉ ጠፍጣፋ ላሜራ ዘርግቶ ቢበይድ ማንም አይናገረውም ነበር፤ ነገር ግን የፋብሪካው ወለል እንደ ሞገድ የታጠፈ ነው፣ ጥንካሬውም ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ጠፍጣፋው ጭነት ሲያርፍበት ይረግባል። ልጁ አሮጌውን ወለል ለናሙና ተሸክሞ ማጠፊያ ማሽን ያለው ቦታ ወሰደና እጥፉን ቆጥሮ አስመታው።

የኋላው ስፖንዳ፣ የካሶኒው መዝጊያ፣ ላይ «ቶዮታ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ተመትቶ የወጣ ነው። ሦስተኛው ፊደል የሆነ ዘመን በሆነ ግንብ ተጨፍልቆ ነበር። ልጁ ከኋላ በኩል የወይራ እንጨት እየደገፈ፣ በትንሽ መዶሻ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ኳ ኳ ሲያደርግ ዋለ። ሌላ ስፖንዳ ገዝቼ ላምጣ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ፊደሉ ወጣ። አጠገቡ ካሉት ጋር አመሳስላችሁ ካያችሁት ብቻ ነው ልዩነቱ የሚታያችሁ።

ቀለሙ ላይ ስደርስ ልቤ ይደክማል። ቀለም ቀቢው እዚያው ግቢ ጥግ ላይ በሸራ የተከለለ ቦታ ይዞ ነው የሚሠራው። ፎርኖ የሚባለው ዝግ የቀለም ክፍል የለም። የቃሊቲ መንገድ አቧራ ምን እንደሚመስል ለማታውቁ፣ መኪናዬን መጥታችሁ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ኮፈኗ ላይ እንደ ጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ይሄ ግን ትንሹ ነው። በካሶኒው ግራ ጎን አባቴ በራሱ እጅ፣ በቀይ የዘይት ቀለም «ቀስ በቀስ» ብሎ ጽፎ ነበር። ገና ያመጣኋት ዕለት ለማስተሩ «ጋሼ፣ ይቺን ጽሑፍ እንዳይነኩብኝ፣ ዙሪያዋን ብቻ ይቀቡ» ብያቸዋለሁ። እሳቸውም እሺ ብለዋል። ለቀቢው ግን አልነገሩትም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስሄድ ግራ ጎኗ ተፍቆ ተለስልሶ አንቲራስት፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ተቀብቷል። ቀቢው ደግሞ የሠራውን ሥራ ሊያሳየኝ እየሳቀ መጣ፤ ምን ያድርግ፣ አያውቅም።

ማስተሩ ለረጅም ጊዜ ካሶኒውን እያዩ ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ። ሰበብ አልደረደሩም። ከቀለሙ ዋጋ 8,000 ብር ቀነሱ፣ እኔ ሳልጠይቅ። ስልኬ ላይ ካለው ፎቶ እያየ የሚጽፍ የሰሌዳ ጸሐፊም ከኪሳቸው ከፍለው አመጡ። የሰውየው ፊደል ቀጥ ያለ ነው፣ ጥላ ሁሉ አለው። ያምራል።

የመብራቱን በአጭሩ ልለፈው፦ ግራ ፍሬቻ ሳበራ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይርገበገባል። ሦስቴ አይተውታል።

አሥር ወር ከጳጉሜ የፈጀው ለምንድነው? ማስተሩ «ለፋሲካ ትነዳታለህ» ነበር ያሉኝ። ፋሲካ መጣ፣ ሞተሩ ካርቶን ላይ ነው። ከዚያ የፒስተኑ ጉዳይ መጣ፤ ያ የኔው ጥፋት ነው። ክረምት ሲገባ ግቢው ውሃ ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ ብየዳ ይቆማል። ቀሪው ግን የሳቸው አመል ነው። አዲስ መኪና በር ላይ ሲመጣ እምቢ ማለት አይችሉም፤ የናንተው ጥግ ትያዛለች። ስልክ አያነሱም። ያለው መላ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሻይ ሳይጠጡ፣ በአካል መገኘት ነው። የሄድኩበት ሳምንት ሥራው ይራመዳል፣ የቀረሁበት ሳምንት ይቆማል፤ በዓይኔ አረጋግጫለሁ።

ዋጋውን ለሚጠይቁኝ፦ ለሞተርና ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ) የእጅ ዋጋ 45,000፣ ለቆርቆሮ 110,000፣ ለቀለም ከተቀነሰው በኋላ 62,000 ብር። ዕቃው በሙሉ ወደ 240,000 ወጣብኝ፤ ጎማ አልገዛሁም። ደረሰኝ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ኋላ በልመና ነው የሚመጣው። ቀብድ ከሲሶ በላይ አትስጡ። ስንት ትሸጣታለህ የሚለኝ ደላላ በየሳምንቱ አይጠፋም፤ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ሂሉክስ የሚንቅ ሰው የለም።

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ጠብቄ በታኅሣሥ ደሴ ነዳኋት። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ብቻዬን። እስከ ደብረ ብርሃን የማዳምጠው ሞተሩን ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ረሳሁት፣ ሬዲዮ ከፈትኩ። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሁሉ ያጨሳል፤ የኔዋም ትንሽ ጠቆር አድርጋ ለቀቀች እንጂ የሙቀት መለኪያዋ ከመሀል ንቅንቅ አላለም። የደብረ ሲናን ቁልቁለት በማርሽ ይዤ ወረድኩ። ከኮምቦልቻ በኋላ ሐረጎን በሁለተኛና በሦስተኛ እያፈራረቅኩ ስወጣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥሩንባ እየነፉ ሰላም ይሉኝ ነበር። አንዱ በመስኮት ወጥቶ «የማን ናት?» ብሎ ጮኸ። የአባቴን ስም ጮኬ ነገርኩት፤ ያውቀው እንደሆን እንጃ፣ እጁን አነሳ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መኪናዋን ዞረቻት፣ ካሶኒውን ረገጠችው፣ ግራ ጎኗ ጋ ስትደርስ ቆመች። «የማን ጽሕፈት ነው?» አለች። ነገርኳት። «ሸጋ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «አባትህ ‹ቀ›ን አንገቷን አጣሞ ነበር የሚጽፋት» አለች፤ ከዚያ ቡና ለማቅረብ ገባች። ጠዋት በዚያ ብርድ ካንዴሌታው አንዴ ሞቆ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ማታ ያቆምኳት ግን ቁልቁለቱ ላይ ነበር።

እስካሁን 11,000 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ዘይት አትጠጣም፣ ውሃ አትጎድልም፣ ካሶኒው ሁለተኛ ክረምቱን ያለ አንዲት የዝገት ነጥብ ጨርሷል። የኮፈኗ ቀለም ጥጉ ላይ መነሳት ጀምሯል። ፍሬቻዋም እንደዚያው ናት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄጄ ለማስተሩ ነገርኳቸው፤ ከአንዲት አሮጌ ዳትሰን ሥር ሆነው «ማክሰኞ አምጣት» አሉኝ። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልጠየቅኩም።