ለሀዋሳ ሪፈራሏ ሲስተር፣ ከልብ እናመሰግናለን

ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ «ሲስተር» ብቻ እላታለሁ። ሀዋሳ ሪፈራል፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው የምትሠራው።

ልጃችን በ31 ሳምንቱ ተወለደ። 1.5 ኪሎ ነበር። የተወለደበት ጤና ተቋም በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስታቀፉኝና ወደ ሪፈራል ላኩን። ባለቤቴ በኦፕራሲዮን ስለወለደች እዚያው ቀረች። ስንደርስ የልጁ እግር በረዶ ሆኗል።

ሲስተር ልጁን አየችውና «አባቱ፣ ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ኮፍያና ካልሲ አደረገችለት። ከዳይፐር በቀር ራቁቱን ደረቴ ላይ በቁመቱ አስተኛችውና በራሷ ነጠላ አጥብቃ አሰረችን። እንዲህ ገላ ለገላ ማቀፉን «ካንጋሮ» ይሉታል። ትንሽ ቆይታ እግሩን ዳሰሰች። «ሞቀ» አለች። ያቺን ቃል መቼም አልረሳትም።

በማግስቱ አማቴ መጡና ተቆጡ። «ማሽን ስለጠፋ ነው እንጂ ጨቅላ እንዲህ ይደረጋል?» ሲስተር አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ሲጀመርስ ማሽን ጠፍቶ ነው» አለቻቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ነው የተጀመረው። ከዚያ በ2021 የወጣውን ጥናት ነገረቻቸው። ጋና፣ ህንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ውስጥ ከ3,200 በላይ ትንንሽ ሕፃናት ላይ ተሠራ። እንደተወለዱ ገላ ለገላ ከታቀፉት መካከል የሞቱት፣ መጀመሪያ ማሞቂያ ውስጥ ከቆዩት በ25 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፉ አለ።

አማቴ ዝም ብለው ሰሙና «ታዲያ እኔስ ማቀፍ እችላለሁ?» አሉ። ተራ ገቡ።

ይህን ጥናት ያነበበ ብዙ ባለሙያ ይኖራል። ሲስተር ግን ሰዓቱን ትቆጥራለች! አልጋችን ራስጌ ወረቀት ለጥፋ፣ ማን ስንት ሰዓት እንዳቀፈው ታስጽፈናለች። 8 ሰዓት ካልሞላ ምን እንደቸገረን ትጠይቃለች። ባለቤቴ መጥታ ስትቀላቀለን ቁስሏ እንዳያማት በትራስ አስደግፋ አሳየቻት። ወተቷን በእጇ ማለብም አስተማረቻት። ልጁ መጀመሪያ በቀጭን ቱቦ፣ ኋላ በኩባያ ጠጣ። በ26ኛው ቀን 1.9 ኪሎ ሆኖ ወጣን።

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ያላችሁ፣ እዚህ ክፍል ስትገቡ «ካንጋሮ» ብላችሁ ጠይቁ። አባቶች፣ ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ልበሱ። ሪፈር ከተባላችሁም መንገድ ላይ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ መውሰድ ትችሉ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁት። እኔ ያን ቀን አለማወቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሲስተር፣ ቅዳሜ ለክብደት እንመጣለን። ነጠላሽም ታጥቧል፣ ይዘንልሽ እንመጣለን።