ሚኒባሴን ከመገፋት ላዳኑልኝ ባለሙያ

ከጥር ጀምሮ በየማለዳው ሚኒባሴን የገፋችሁልኝ የሰፈሬ ሰዎች፣ ከእንግዲህ አርፋችሁ ተኙ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተሠርቷል። የሠሩት ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ የሚውሉ አንድ አዛውንት ናቸው።

ጥፋቱ የሞተሪኖውን ዘንግ የሚይዘው የነሐስ ቡሺንግ፣ ማለትም ዘንጉ ውስጡ የሚሽከረከርበት አጭር ቱቦ፣ ነበር። እሱ ሲበላ ዘንጉ ይዘምማል፣ የሚሽከረከረው ክፍል ከሞተሪኖው ቤት (ከማይሽከረከረው የውጭ አካሉ) ጋር ይፋተጋል፣ የባትሪው ጉልበት እዚያው ያልቃል። ቀድሞ የሄድኩበት ጋራዥ ሁለት ጊዜ ቀይሮልኝ ሁለቱም ወር አልሞላቸውም።

አዛውንቱ የተበላውን በጣታቸው አሻሽተው፣ «ልጄ፣ ይህን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገውታል» አሉኝ። እኔ ነሐስ ሁሉ ቀልጦ የሚፈስስ ይመስለኝ ነበር። ይህ ግን የመዳብና የቆርቆሮ ዱቄት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 90 በመቶው መዳብ ሆኖ፣ ተጨምቆ በእቶን የተጋገረ። ከመጠኑ አንድ አምስተኛ እስከ ሩብ የሚሆነው በዓይን የማይለይ ቀዳዳ ነው፤ ዘይቱ የሚያድረው እዚያ ነው። ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ብርጭቆ ወረቀት ቀዳዳውን ይደፍናል፤ የቀረው አሸዋ ደግሞ ዘንጉን ይበላል። ለካ ገንዘቤን እየከፈልኩ ዘንጌን ሳስፈጭ ነበር!

ከገበያ ያገኘሁት ቡሺንግ ከውጭ በኩል ትንሽ ወፍሮ ነበር። በተሳለ መቁረጫ በስሱ ላጡት፤ ውኃ ያለበት ማቀዝቀዣ አላስነኩትም፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋልና። የውስጡን ግን በመቁረጫ አልደፈሩትም። ከዚያ አንዱን አፍ በአውራ ጣታቸው ደፍነው ዘይት ሞሉበት፣ በሌላኛው አውራ ጣት ከላይ ሲጫኑት ዘይቱ በግድግዳው አልፎ በውጭ እንደ ላብ አቸፈቸፈ። ነሐስ ሲያልበው አይቼ አላውቅም። ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አሳድረው፣ በማግስቱ ከዘንጉ በጥቂቱ በሚወፍር የተወለወለ ብረት ላይ ሰክተው ሞተሪኖው ላይ ካለው ማረፊያው ውስጥ ተጭነው አስገቡት። ሲጫኑት የውስጡ ስለሚጠብ ልኩን የሚጠብቀው ያ ብረት ነው።

አምስት ወር ሆነው፤ በአንድ ቁልፍ ይነሳል።

እንዳልዋሽ፣ ቀርፋፋ ናቸው። «ዛሬውኑ» ለሚል ሰው አይሆኑም፤ ከተጣደፉባቸውም ይቆጣሉ። ስሜ አይጻፍ ስላሉኝ አልጻፍኩትም፤ ቦታውን በውስጥ ለጠየቀኝ አሳያለሁ። ስትሄዱ አሮጌውን ቡሺንግ እንዳትጥሉት፤ ሳያዩት ሥራ አይጀምሩም።