ጉግል የማያውቀውን ሳይታችንን ሰው እንዲያነበው ላደረገችው የሳብያን ልጅ

ሰላም ናችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች፣ ውጪ ያላችሁትም። ዛሬ ሳይት የምታስተካክል አንዲት የሳብያን (የድሬ ሰፈር ነው) ልጅ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል አቦ ታገሱኝ፣ የቸኮለ ሰው ወደ መጨረሻው ወርዶ ኢንቦክስ ያርገኝ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ የድሮዋን ድሬ ምንጽፍባት ዌብሳይት እንዳለችን ምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ማታውቁት ደግሞ ብዙ ናችሁ፣ ችግሩም እሱ ነበር። ነገሩ የተጀመረው በአባባ ነው። አባባ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ሲሰራ ነው፣ ጡረታ ሲወጣ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆንልህ አለውና መጻፍ ጀመረ፣ ስለ ከዚራ ጥላ፣ ስለ ቀፊራ ገበያ፣ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከመጋላ ከዚራ መሻገር እንዴት እንደነበረ፣ በየጣቢያው ስለሚጫነውና ስለሚራገፈው እቃ፣ ምኑ ቅጡ። እኛም መሳቢያ ውስጥ አይጥ ከሚበላው ብለን ሳይት አሰራን፣ የራሳችንንም እየጨመርን ቀጠልን። አንባቢ ግን የለም። ማለቴ ዘመድ አለ፣ ዘመድ ላይክ ያረጋል እንጂ አያነብም። በቀን የሚገባው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ከሱም ውስጥ ግማሹ እኔና ወንድሜ ነን።

በሳምንት 10 ሺህ ፎሎወር እናስገባላችኋለን የሚሉ ሰዎች አሉ አይደል፣ ወንድሜ ለነሱ ሊከፍል ጫፍ ደርሶ ነበር። ሐረር መኪና ግርግር ልብስ የሚሰፋ የአጎታችን ልጅ ነው ቆይ የኔን የቴሌግራም ቻናል ያስተካከለችልኝ የሳብያን ልጅ አለች፣ መጀመሪያ እሷን አናግሯት ብሎ ስልኳን የላከልን።

መጣች። ስለ ብር አላወራችም፣ ስለ ብራንዲንግ ምናምንም አላወራችም፣ ፓስዎርድ ነው የጠየቀችው። የለንም። ዶሜኑ (የሳይቱ አድራሻ) በማን ስም ነው አለች፣ ሲታይ መጀመሪያ ሳይቱን በሰራልን ሰው ስም ነው፣ ሰውየው ደግሞ ብሩን ከተቀበለ ወዲህ ስልክ አያነሳም። "ካርታው በሌላ ሰው ስም ያለ ቤት እኔ ቀለም አልቀባም ጋሼ፣ መጀመሪያ በስማችሁ ይዙር" አለችና ስራውን አቆመችው። እኛ እንቸኩላለን እሷ እምቢ። ራሷ ደውላ፣ ጽፋ፣ ለምና (ትንሽም አስፈራርታ መሰለኝ) አስዞረችልን፣ ለዚህ የጠየቀችን ብር የለም። ሳይት ያላችሁ ሰዎች በናታችሁ ዛሬውኑ እዩት፣ ዶሜናችሁ በማን ስምና በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ።

ከዛ ውስጡን ስትከፍተው የወጣው ጉድ ደግሞ ሌላ። ዎርድፕረስ (ሳይታችን የተሰራበት ፕሮግራም) ሴቲንግ ውስጥ ሪዲንግ የሚል ቦታ አለ፣ እዛ ጋ ሰርች ኢንጂኖች ይሄን ሳይት እንዳይመዘግቡት የሚነገርበት አንዲት ሚጢጢ ሳጥን አለች። ሳይት ገና እየተሰራ ሳለ ያላለቀ ነገር ሰው እንዳያይ ራይት ያረጉባታል፣ ስራው ሲያልቅ ማንሳት ነው፣ በቃ። የኛን ማንም አላነሳትም! ስንት ዘመን ስንጽፍ የኖርነው ጉግልን እባክህ አትየን እያልነው ነው ማለት ነው። ወንድሜ ሳቀ፣ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አንድ ክሊክ ናት እኮ። ራይቱን አነሳችና ጉግል ሰርች ኮንሶል የሚባለውን ከፈተችልን (ነጻ ነው፣ ሰው ምን ብሎ ፈልጎ ሳይታችሁን እንዳገኘ ያሳያችኋል)፣ የገጾቹንም ዝርዝር አስገባችለት። ወዲያው ነገ ሰው ይጎርፋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ጊዜ ይፈልጋል አለች፣ እውነትም ፈለገ።

ሁለተኛው ጣጣ የአባባ ጽሁፍ ነበር። አባባ ድሮ በፓወር ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው) ነው የተየበው፣ እሱ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ የሌለው ሰው ሲከፍተው የሚያየው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ያ የመጀመሪያው ሰውዬ አቋራጭ ፈልጎ ገጹን እንዳለ ፎቶ እያነሳ ነው የለጠፈው። ሰው በአይኑ ያነበዋል፣ ጉግል ግን እንደ ጽሁፍ አይቆጥረውም፣ ለሱ ስዕል ነው። ግዕዝ ፊደል እኮ ከ1999 ጀምሮ (እንደ ፈረንጅ) ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጋራው የፊደል ኮድ) ውስጥ አለ፣ አሁን በስልካችን ምንጽፈው ሁሉ በሱ ነው። ልጅቷ ፋይሎቹን በኮንቨርተር ወደ ዩኒኮድ ቀየረቻቸው፣ ኮንቨርተሩ የሚያበላሻቸው ፊደሎች ስላሉ ደግሞ አባባ አጠገብ ቁጭ ብላ መስመር በመስመር አስነበበችው። "አባባ እዚህ ጋ ምን ለማለት ነው የፈለጉት?" ትላለች፣ እሱ ደግሞ አንዷን ፊደል ለማስተካከል ስለ አይሻ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ያወራላታል፣ ሆጃው ይቀዳል፣ እሷ ትሰማለች። አሁን ልጄ እያለ ነው የሚጠራት፣ እኛን እንደዛ ካለን ቆይቷል።

ከሁሉ ያልረሳሁት ግን የባጃጁ ልጅ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ሰው አድርሶ ሊሄድ ሲል ወሪያ ና እስቲ ብላ ጠራችውና በስልክህ ስለ ጀጎል በሮች የሚያወራ ነገር ፈልግልኝ አለችው። ልጁ መጀመሪያ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ፣ የማይሆን ነገር መጣለት፣ ቀጥሎ በአማርኛ "ጀጎል ስንት በር አለው" አለ። እኛ ስለሱ ጥሩ ጽሁፍ አለን፣ ግን ወንድሜ ገጣሚ ስለሆነ ርዕሱን "ግንቡ ሲናገር ክፍል 3" ነው ያለው። ማን ነው ግንቡ ሲናገር ብሎ ጉግል ላይ የሚፈልገው? ልጅቷ አላረመችውም አላገዘችውም፣ ደብተሯ ላይ የጻፈውን እንዳለ ቃል በቃል ትገለብጣለች። መጨረሻ ላይ ራሷ የኛን ገጽ አውጥታ ሰጠችው፣ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ አንዱ ፎቶ ግማሹ መጣ። "ኧረ ዳታዬን ጨረሳችሁት!" ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ለካ ፎቶዎቹ ከስልክ እንደወጡ የተጫኑ ናቸው፣ አንዱ ብቻ 5 ሜጋባይት ምናምን። ሁሉንም አሳንሳ ከ200 ኪሎባይት በታች አረገቻቸው፣ በአይን ልዩነቱን ማወቅ አይቻልም።

ርዕሶቹንም ቀየረች። "የሐረር ጀጎል ስንት በር አለው?" ሆነ፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር መልሱ አለ፣ ጥንታዊዎቹ 5 ናቸው፣ ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የተሰራ ነው፣ በ2006 (በፈረንጆቹ) ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ ታሪኩ ከዛ ይቀጥላል። ወንድሜ አኮረፈ፣ ግጥሙን ውስጥ ንዑስ ርዕስ አርጋ አስቀመጠችለትና ታረቁ። ሐረር የሚለውን ደግሞ ሰው በሐመሩ ሐም በሃሌታው ሀም በ"ሃ"ም ይጽፈዋል፣ ድሬዳዋንም አንዳንዱ ገጥሞ አንዳንዱ ለያይቶ፣ ስለዚህ አንዱን ርዕሱ ላይ ሌላውን የፎቶው መግለጫ ላይ እያረገች በተነቻቸው፣ አንባቢውን ሳይረብሽ። የዘመን ነገርም እንደዛው፣ አባባ "ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ነው" ብሎ ብቻ ነበር የሚጽፈው፣ ያው በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ቦታ ደግሞ 1902 ነው ያለው፣ ሰው የተሳሳተ ይመስለዋል። አሁን ሁለቱም አብረው ተጽፈዋል፣ አዲስ አበባ የደረሰበትም 1909 እና 1917። የባቡሩ መንገድ ለምን ሐረርን ትቶ ድሬ ላይ እንደመጣ (ተራራው ነዋ፣ ሐረር ከፍታ ላይ ናት፣ ሀዲዱን እዛ ማውጣት አልተቻለም፣ ድሬም በዛ ምክንያት ነው ከተማ የሆነችው) ለብቻው ገጽ ሰራንለት፣ ዛሬ በብዛት የሚነበበው እሱ ነው። ኮንሶሉ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሲታይ ደግሞ ያስቃል፣ ከድሬ ሐረር ስንት ኪሎሜትር ነው (55 ገደማ ነው)፣ ጅቦቹ የሚመገቡት ስንት ሰዓት ነው (ሲመሽ ነዋ)። እኛ ትልቅ ታሪክ ስንጽፍ ሰው የሚፈልገው ይሄንን ነበር፣ ግን ለዚህ ብሎ የገባው ሰው ከስር ያለውን የአባባን ጽሁፍ ይዞ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ላይ ተዛማጁን በሊንክ አስራዋለች።

ቴሌግራሙ ላይ ሙሉውን ጽሁፍ እንለጥፍ ነበር፣ እሱን ተዉት፣ መግቢያውን ብቻ አርጉና ሊንኩን ጣሉ አለች። ሰዓቱንም ቀየረችው። ጠዋት ጠዋት ነበር ምንለጥፈው፣ ጠዋት ድሬ ሰው ስራ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ግን ታውቁት የለ፣ ሙቀቱ፣ በርጫው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ ሰው ጋደም ብሎ ስልኩን ይጎረጉራል። እሱ ሰዓት ላይ ስናረገው ልዩነቱ ወዲያው ነው የታየው፣ በቃ። ፎሎወር ግዢውን ስንነግራት ፊቷን አጨማደደችና የውሸት ሰው አያነብም፣ ሰው ያነበበው እየመሰላችሁ ትታለላላችሁ እንጂ አለች። ፌስቡክ ግሩፕ ላይም ሊንክ ብቻ ጥላችሁ አትሂዱ፣ ሰው ሲጠይቅ እዛው መልሱለት፣ ሊንኩን ከተፈለገ ኋላ ስጡ ነው ያለችን።

አሁን በቀን በመቶዎች የሚገባ ሰው አለ፣ ለኛ ይሄ ብዙ ነው። ከጅቡቲ፣ ከካናዳ፣ ከአዲስ አበባ ይጽፉልናል። አንድ የጅቡቲ ሽማግሌ አባባ የጻፈውን የጣቢያ ቅደም ተከተል ሊያርሙ ጻፉ፣ አባባ መለሰ፣ እሳቸው መለሱ፣ እስካሁን አልተስማሙም፣ ክርክሩን ለማየት ብቻ የሚገባ ሰው አለ።

እንከኗን ልንገራችሁ ደግሞ፣ ሙገሳ ብቻ ከሆነ ተከፍሎት ነው ትላላችሁ። ቁጡ ናት። የጻፍከውን ይሄ አይነበብም ብላ ፊት ለፊት ትነግርሃለች። ቀስ ብላ ነው የምትሰራው፣ ለቸኮለ ሰው አትሆንም። ዋጋዋም ርካሽ አይደለም፣ ግን ምን ምን እንደምትሰራ ቀድማ በወረቀት ትሰጣችኋለች፣ በሁለት ዙር ትቀበላለች፣ የማያስፈልጋችሁን ነገር ደግሞ አይ ይሄ አያስፈልጋችሁም ትላለች፣ እኛን ማስታወቂያ አስከልክላናለች። ስትጨርስ ፓስዎርዱን ሁሉ በወረቀት ጽፋ አስረክባ፣ የራሷን መግቢያ ፊታችን አጥፍታ ነው የወጣችው።

እህታችን እናመሰግናለን፣ አባባም ልጄ ሆጃ ፈልቷል ነይ በሏት ብሏል፣ ወንድሜም (ርዕሱን በተመለከተ አሁንም ቅር ቢለውም) ያመሰግናል።

ስሟን እዚህ አትጻፉ ስላለችን አልጻፍኩም። ሳይት፣ ቻናል፣ ሱቅ ገጽ ያላችሁና ሰው አልገባ ያላችሁ ኢንቦክስ አርጉኝ፣ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ሐረርም ትመጣለች፣ የትራንስፖርት መቻል ነው። ስትደውሉ ጠዋት ደውሉ፣ ከምሳ በኋላ ስልክ አታነሳም፣ እሷም የድሬ ልጅ ናት እኮ።