ኩስ የነካው እንቁላል በምን ይጽዳ? ጅማ ሱቆች ውስጥ የሚገኙ ማጽጃዎች ሲመዘኑ

ትንሽ የመፈልፈያ ማሽን የገዛ ሰው ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኩስ የነካውን እንቁላል ምን ላድርገው? መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ባለሱቅ ነው፤ ባለሱቅ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለውን ይመክራል። ጅማ መርካቶና ሂርማታ ዞር ዞር ብሎ ለዚህ ሥራ የሚገዛው ነገር ያን ያህል ብዙ አይደለም። ከ10 ነጥብ እየሰጠን እንያቸው።

አስቀድሞ ስለ ቅርፊቱ አንድ ነገር። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን የሚሸፍነው ዶሮዋ ስትጥል አብሮ የሚወጣውና ወዲያው የሚደርቀው ስስ ልባስ ነው። እንቁላሉ ሲወጣ ሙቀቱ ከዶሮዋ ሰውነት ጋር እኩል ነው፤ 41 ዲግሪ ገደማ። እየበረደ ሲሄድ ውስጡ ይኮማተርና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ቅርፊቱ ላይ እርጥብ ኩስ ካለ ጀርሙ ከአየሩ ጋር ይገባል። ሙቅ እንቁላል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ደግሞ ቆሻሻውን በገዛ እጁ ወደ ውስጥ አስገባው ማለት ነው።

የብርጭቆ ወረቀት፦ 9። ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም የተሻለው። የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ገብታችሁ ደቃቁን፣ ቁጥር 220 ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ጠይቁ፤ ለእንጨት የሚሆነው ሻካራው ቅርፊት ይሸረሽራል። ወረቀቱን በትንሹ ቆርጣችሁ እጠፉትና የቆሸሸውን ቦታ ብቻ ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጉ። ንጹሑን ቦታ አትንኩት፤ ወረቀቱ ኩሱን ሲያነሳ ልባሱንም አብሮ ያነሳልና። ኩሱ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ጉዳት የለውም፤ እሱን ለማጥፋት መታገል ቅርፊቱን ማሳሳት ብቻ ነው። በክረምት የጅማ ቀይ አፈር ከዶሮዎቹ እግር እንቁላሉ ላይ ይለጠፋል፤ ጭቃ ግን እንደ ኩስ አይጣበቅም፣ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ በደረቅ ብሩሽ ብታነሱት ይበቃዋል። አንድ ነጥብ የቀነስነው ለአቧራው ነው። የደረቀ ኩስ ብናኝ ጀርም የተሞላ ስለሆነ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከማሽኑ ርቆ፣ ደጅ ላይ መሥራት ያስፈልጋል። ወረቀቱ በኩስ ሲደፈን ጣሉት፤ የደፈነ ወረቀት የአንዱን ቆሻሻ ለሌላው ያቀባል።

የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፦ 5። ይሠራል፤ ግን ጫና ለመቆጣጠር ያስቸግራል፣ ይጭራል። ወረቀት ከጠፋ ብቻ።

በረኪና፦ 7፣ መለኪያ ለያዘ ሰው። በግምት ለሚቀላቅል 2 ነው። መጀመሪያ አገዛዙ፦ በረኪና ለፀሐይና ለሙቀት ሲጋለጥ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ መስኮት ላይ የተደረደረውን ተዉትና የተመረተበት ቀን ያለበትን ከጥላ ሥር ግዙ። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን ከነጭራሹ ተዉት፤ ስንት በመቶ እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም። መለያው 5 በመቶ ካለ በ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር፣ 4 በመቶ ካለ 5 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ሁለቱም በሊትር 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናሉ። መለኪያው ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። «አንድ ክዳን» የሚባለው ምክር ከንቱ ነው፤ ክዳን ሁሉ እኩል አይደለም።

ውሃው ከእንቁላሉ መሞቅ አለበት፤ ከ43 እስከ 49 ዲግሪ ባለው ውስጥ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ከሁለት ሊትር የክፍል ሙቀት ካለው ውሃ ጋር ሲቀላቀል 45 አካባቢ ይወጣል፤ ባልዲው ትንሽ ስለሚወስድበት ግን በቴርሞሜትር አረጋግጡ። እጅ አይታመንም። በመጀመሪያው ዙር በጆግ እያፈሰሳችሁ አንድ በአንድ እጠቡ፤ ዘፍዝፎ መተው የለም። በሁለተኛው ዙር በረኪና ያለበትንና ሁለት ዲግሪ ያህል የሚበልጠውን ውሃ አፍስሱበት። የአንዱ እንቁላል ሥራ በጠቅላላው ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ክሎሪን ኩስ ሲነካ ስለሚሞት ቆሻሻው በደንብ ሳይለቅ በረኪና ማፍሰስ ብክነት ነው። አንድ ትሪ፣ 30 እንቁላል ካለቀ ወይም ውሃው ቀድሞ ከደፈረሰ ሌላ በጥብጡ። ከዚያ በጨርቅ አትጥረጉ፤ ንጹሕ ትሪ ላይ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በአየር አድርቁት።

የታጠበ እንቁላል ልባሱን አጥቷል፤ ማቆየት አይቻልም። ያልታጠበውን ቀዝቀዝ ባለ ክፍል እስከ ሰባት ቀን ማጠራቀም ሲቻል የታጠበው በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ማሽን ይግባ። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ እንቁላልም ሲወጣ ያልበዋል፤ ያ እርጥበት ጀርሙን ለማስገባት እንደ ማጠቢያ ውሃ ነው።

ፈሳሽ ሳሙናና የልብስ ዱቄት ሳሙና፦ 3። ቆሻሻውን ያለቅቃሉ፣ ነገር ግን ሽታውና ቅሪቱ በቀዳዳዎቹ በኩል ይገባል፣ አረፋውን አጥቦ ለመጨረስም ብዙ ውሃ ይጠይቃል።

ሳኒታይዘር፦ 4። አልኮል የደረቀ ኩስ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ ቶሎ ስለሚተንም እንቁላሉን ያቀዘቅዛል። ለእጃችሁ ግን ተጠቀሙበት፤ እንቁላል የሚነካ እጅ ንጹሕ ይሁን።

ኮምጣጤና ሎሚ፦ 0። ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይበላዋል፤ አረፋ ሲያወጣ የሚታየው ጽዳት ሳይሆን የሚሟሟው ቅርፊት ነው። ከበረኪና ጋር ከተቀላቀሉ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ፎርማሊን ከፖታሺየም ፐርማንጋኔት ጋር ነጥብ አልሰጠነውም፤ የቤት ዕቃ አይደለምና። ትላልቅ መፈልፈያዎች ዝግ ክፍል ውስጥ ልኬቱን ጠብቀው ያጥኑበታል። ጋዙ ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ፣ ካንሰር አምጪ ነው። ሳሎን ጥግ ላይ ማሽን ያስቀመጠ ሰው አይሞክረው።

ገንዘቡ ግን ማጽጃ ላይ ከሚወጣ ጉዝጓዝ ላይ ቢውል ይሻላል። ለአራትና ለአምስት ዶሮ አንድ የመጣያ ሳጥን፣ ውስጡ ደረቅ ጭድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መሰብሰብ፤ ይህን ያደረገ ሰው የብርጭቆ ወረቀቱ ለወራት አያልቅበትም። ሰጋቱራ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። የቡና ገለባ ጅማ ላይ በቀላሉ ስለሚገኝ ይወደዳል፤ ዝናብ የነካው ከሆነ ግን ይሻግታል፣ ሻጋታውም ወደ እንቁላሉና ወደ ጫጩቱ ሳንባ ይሄዳል። በእጅ ጨብጣችሁ ስትለቁት ካልተበተነ አትጎዝጉዙት። ከገበያ የሚገዙም ሰዎች ይጠንቀቁ፦ አዲስ ያልታጠበ እንቁላል ፈዘዝ ያለ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ወይ ታጥቧል ወይ ቆይቷል።

ግማሽ ያህሉ በኩስ የተለበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ወለል ላይ ያደረ እንቁላል በምንም አይጽዳ፤ ማሽን ውስጥ አይግባ። 37.5 ዲግሪ ለጫጩት የሚመች እንደሆነ ሁሉ ለባክቴሪያም ይመቻል። የተበከለው ጋዝ እየሞላ ሄዶ ይፈነዳል፣ ፍንጣሪው ጎረቤቶቹን ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ ፎቅ ባለው ማሽን የጸዱትን ታችኛው ትሪ ላይ፣ ንጹሖቹን ከላይ አድርጉ። ማሽን ከገባ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ እንቁላሉ ላይ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩ። ቅርፊቱ ላይ ጠብታ ያወጣ ወይም የሚሸት ካለ ሳታናውጡ በፌስታል ጠቅልላችሁ አውጡት። በ7ኛው ቀን ጥርት ብሎ የሚታይ እንቁላል ግን ባብዛኛው ያልተዳቀለ ነው፤ ጥፋቱን በረኪናው ላይ ከማላከክ አውራ ዶሮውን ተመልከቱ፣ አንዱ ከአሥር ዶሮ በላይ አይያዝለት። ተፈልፍሎ በመጀመሪያው ሳምንት እትብቱ እርጥብ፣ ሆዱ አብጦ የሚሞት ጫጩት ከበዛ ወደ ጉዝጓዙና ወደ ማጠቢያ ውሃው ተመለሱ፤ ማሽኑንም ከሚቀጥለው ዙር በፊት አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁት።