ቆጣሪ ያለው የመዝለያ ገመድ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በየስፖርት ዕቃ መሸጫው የተለመደውን ዓይነት ነው፦ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ የብረት ገመድ፣ ስፖንጅ የለበሱ ሁለት እጀታዎች፣ በአንደኛው እጀታ ላይ ዙር የምትቆጥር ትንሽ ስክሪን። ሲሸጥ ወደ 3 ሜትር ይሆናል፤ በብሎን ያጥራል። የምርቱን ስም መጥራት ብዙም አይጠቅምም፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ካርቶን ተጠቅልሎ መርካቶም ቦሌም ይሸጣል።

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ገመዱ ለዋጋው ጥሩ ነው፤ ቆጣሪው ግን ለጀማሪ ትርፍ ነገር ነው። ሰው ገመድ መዝለል ጀምሮ የሚተወው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ገመዱ ረዝሞበት እየተጠላለፈ፣ ቅልጥሙን እያመመው ወይም ከታች ያለው ጎረቤት በሩን እያንኳኳበት ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ ከሥራ በፊት 10 ደቂቃ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ካልተስተካከሉ ግን በአዲስ ዓመት የተገባ ቃል መስቀልን አያልፍም።

ሥራ ለሚበዛበት ሰው ትልቁ ጥቅሙ መንገድ አለመጠየቁ ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ መሥራት ደስ ይላል፤ ከአያት ወይም ከጀሞ ለሚመጣ ሰው ግን ደርሶ መልሱ ከስፖርቱ ይረዝማል። ጂምም ቢሆን ልብስ መያዝ፣ ሻወር መጠበቅ፣ ማታ ታክሲ መሰለፍ አለው። ገመድ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፣ ከሚስማር ይወርዳል፣ በቃ። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ግድ የለውም።

የገመዱ ርዝመት

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይህ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ከካርቶኑ እንዳወጣው ይዘላል። 3 ሜትር ገመድ ቁመቱ 1.70 ለሆነ ሰው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ረጅም ገመድ ሲዞር መሬት ላይ ይተኛና እግር ፊት ሲደርስ ይንጠራወዛል፤ ሰውየውም እሱን ለማሳጠር ክንዱን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ትከሻው በሁለት ደቂቃ ይዝላል። ከዚያ "እኔ ለገመድ አልተፈጠርኩም" ይላል።

ልኩ እንዲህ ነው። የገመዱን መሃል በአንድ እግር ረግጦ ሁለቱን እጀታዎች ወደ ላይ መሳብ። የእጀታዎቹ ጫፍ ብብት ስር ከደረሰ ለጀማሪ ይበቃል። በቁጥር ለሚፈልግ፣ በቁመት ላይ 90 ሴንቲ ሜትር መደመር፤ ለ1.60 ሰው 2.50፣ ለ1.75 ሰው 2.65 ሜትር ያህል። እጅ ሲለምድ 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ገመዱን ወዲያው አትቁረጡት። መጀመሪያ ብሎኑን በትንሽ ካቻቢቴ አላልታችሁ ገመዱን በቀዳዳው ሳቡት፣ አጥብቁት፣ አንድ ሳምንት ዝለሉበት። ልኩ ሲታወቅ በሁለቱም በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አስቀርታችሁ የቀረውን ቁረጡ። የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ቀድሞ ናስትሮ ይጠመጠማል፣ ከዚያ በናስትሮው መሃል በፒንሳ ይቆረጣል፤ ያለ ናስትሮ ከተቆረጠ የብረቱ ክር ይበተንና ተመልሶ በቀዳዳው አይገባም፣ ጣትም ይወጋል። ትርፉን ጭራ ከገመዱ ጋር በናስትሮ ማሰር ያስፈልጋል፤ ካልታሰረ እያንዳንዱ ዙር ላይ ክንድ ይገርፋል። ይህች 10 ሴንቲ ሜትር ኋላ ትፈለጋለች።

አዲስ ገመድ በካርቶኑ ውስጥ የተጠቀለለበትን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ሞቅ ባለ ውሃ (የፈላ አይደለም) ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ፣ አድርቆ፣ እጀታዎቹን ወደ ታች አንጠልጥሎ ማሳደር ያቃናዋል። እጀታው ላይ አጥብቆ ጠምጥሞ መሳቢያ ውስጥ መክተት ግን ገመዱን ያጥፈዋል፤ የታጠፈ ብረት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

የት ይዘለላል

ኮብልስቶን ላይ ፈጽሞ። ገመዱ በድንጋዮቹ መሃል ይያዛል፣ ቁርጭምጭሚትም ይጠመዘዛል። አስፋልትና ሻካራ ሲሚንቶ ለእግር ይሆናሉ፤ የገመዱን ሽፋን ግን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ሴራሚክ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ከሁሉም የሚሻለው ሊሾ ወይም የእንጨት ወለል፣ በላዩ ላይ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ምንጣፍ ነው። ለስላሳና ወፍራም የዮጋ ምንጣፍ ጥሩ ይመስላል፤ እግር ግን ይሰምጥበታል፣ ሊሾ ላይ ደግሞ እየሸሸ ይሄዳል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያለው ችግር የእግሩ ድምፅ ከገመዱ ይልቅ በወለሉ በኩል ወደ ታች መውረዱ ነው። ምንጣፍ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ 500 ጊዜ መዝለል ከጎረቤት ጋር መጣላት ነው፤ ያን ሰዓት የሚፈልግ ወደ ግቢ ይውረድ። ቤት ውስጥ ለሚዘል፣ ገመዱ ሲዞር ከራስ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚወጣ ያስብ፤ ተንጠልጥሎ የቀረ አምፖል ካለ ከሥሩ አይቆም። ክረምት ላይ ግቢው ጭቃ ሲሆን አማራጩ ገመዱን መፍታትና እጀታዎቹን ብቻ ማዞር ነው፤ እግር አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ስለሚነሳ ድምፁም ያንሳል። ሲያዩት ያስቃል፣ ልብን ግን ደህና ያስመታል።

ቅልጥም እና ባት

ገመድ ከገዙት ሰዎች ብዙውን የሚያባርረው ይህ ነው። የመጀመሪያ ቀን በደስታ 15 ደቂቃ ይዘለላል፣ በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅታል፣ በሁለተኛው ሳምንት የቅልጥም አጥንት የውስጥ ጎኑ ሲነካ ያማል። የባት ሕመም ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል፤ የቅልጥም ሕመም ግን እየተዘለለበት አይሄድም። ማረፍ፣ በረዶ መያዝ፣ ሕመሙ እስኪጠፋ በእግር መንገድ መተካት ነው መፍትሔው።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፦ ከፍ ብሎ መዝለልና ቶሎ ብዙ መዝለል። ገመዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሬት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር መነሳት ከበቂ በላይ ነው። በእግር ጣቶች ሥር ባለው መዳፍ ማረፍ፣ ጉልበትን በትንሹ ማጠፍ፣ ክርንን ከጎን ማስጠጋት፣ በእጅ አንጓ ብቻ ማዞር። ተረከዝ መሬት ላይ ዱብ ካለ ጎረቤቱም ይሰማዋል፣ ጉልበቱም ይሰማዋል። ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማ አይሆንም። ሴቶች ደግሞ አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ከገመዱ ጋር አብረው ይግዙ።

አወሳሰዱ እንዲህ ቢሆን እግር ይለምዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 20 ሰከንድ ዘሎ 40 ሰከንድ ማረፍ፣ ይህን 10 ጊዜ፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በመሃል አንድ ቀን እያረፉ። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት 30 በ30። ከዚያ በኋላ 40 በ20። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ዙር ለሚያዞር ሰው ይህ መጀመሪያ ከ330 እስከ 400፣ በመጨረሻ ከ670 እስከ 800 ዝላይ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ ሰሞኑን የመጣ ሰው በ20 ሰከንድ ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፣ ዕረፍቱን ያርዝም። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ ጉልበቱ የሚያብጥ፣ እርጉዝ የሆነች ግን ሐኪም ሳያዩ አይጀምሩ።

ቆጣሪው

ቆጣሪው የሚቆጥረው የእጀታውን ጭንቅላት ዙር ነው እንጂ ዝላይን አይደለም። ገመዱ እግር ላይ ተጠልፎ ቢቆም፣ አንድ እጀታ ይዛችሁ አየር ላይ ብታዞሩትም ይቆጥራል። ለተከታታይ ዝላይ ቁጥሩ ደህና ይቀርባል። የሚያሳየው ካሎሪ ግን ግምት ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል ክብደት እንኳ አይጠይቅም። 70 ኪሎ የሆነ ሰው በመካከለኛ ፍጥነት ሲዘል በደቂቃ ወደ 14 ካሎሪ ያቃጥላል፤ በ30 በ30 አሠራር 10 ደቂቃው ውስጥ የተዘለለው 5 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ 70 ካሎሪ ገደማ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ 50 ካሎሪ ያህል በስኳሩ ብቻ ስላለው፣ ውፍረት ለመቀነስ ብቻ የገዛው ሰው ቶሎ ይከፋዋል።

የሚሠራው በሳንቲም ቅርጽ ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነው፤ ላብ በክዳኑ ሲገባ መገናኛው ብረት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ስክሪኑም ይጨልማል። በአልኮል በረጠበ ጥጥ መጥረግና ማድረቅ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ትልቁ ጉድለቱ ማስታወስ አለመቻሉ ነው፦ ሲጠፋ ቁጥሩ ይጠፋል። ግድግዳ ላይ ያለ የወረቀት ካላንደር እና እስክሪብቶ ከዚህ ስክሪን የበለጠ ሰው ያስነሳሉ፤ የተዘለለበት ቀን ላይ አንድ መስመር ማስመር፣ ባዶ የቀረው ቀን ራሱ ይታያል።

የሚበላሸው

በቅደም ተከተል ሲታይ መጀመሪያ የሚሄደው ስፖንጁ ነው። ላብ ይጠጣል፣ ይሸታል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይቀደዳል። ገፎ ጥሎ የቴኒስ ራኬት መጠቅለያ መጠምጠም ይሻላል። ቀጥሎ ብሎኑ ይላላል። ይህ አደገኛው ነው፤ እየዞረ ያለ የብረት ገመድ ከእጀታው ቢያመልጥ ፊት ይመታል። በየሳምንቱ ማጥበቅ፣ ወይም ጥርሱ ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጎ ማሰርና ማድረቅ፤ ሲፈለግ በካቻቢቴ ይፈታል። ኩሽኔታው አቧራ ሲገባበት ይንጫጫል፤ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል፣ ግራሶ ግን አቧራውን ይዞ ያስቀራል።

መጨረሻ ላይ ሽፋኑ። የሚያልቀው መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ነው፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል። ያቺ የተረፈች 10 ሴንቲ ሜትር እዚህ ጋ ትጠቅማለች፦ በአንዱ በኩል ያለውን ትርፍ ወደ ውስጥ አስገብቶ በሌላው በኩል ያንኑ ያህል በማውጣት የሚለፋው ቦታ ይቀየራል፣ ርዝመቱም አይነካም። ብረቱ ራሱ ከታየ ግን ገመዱ አልቋል። የተበጠሰ ክር ባት ላይ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አንዳንዱ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ይተካበታል፤ ሽፋን ስለሌለው አይሆንም። ለብቻው የሚሸጥ መለዋወጫ ገመድ በየሱቁ አይገኝም፣ ይህም የዚህ ዕቃ እውነተኛ ድክመት ነው።

ከቀኑ ጋር ማስማማት

"ጊዜ ሳገኝ" የሚባል ሰዓት የለም። የሚሠራው ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ማሰር ነው፦ ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ፣ የሻወሩ ውሃ እስኪሞቅ፣ ልጆቹ ሰርቪስ ላይ ከወጡ በኋላ። ገመዱ በሩ አጠገብ በዓይን የሚታይ ሚስማር ላይ ይሰቀል፣ ጫማው ከሥሩ ይቀመጥ። በምሽት የሚዘል ሰው ከእራት በፊት ይዝለል፤ ከተበላ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ወይም በረመዳን ለሚጾም፣ ከማፍጠሪያው ግማሽ ሰዓት በፊት በግማሽ መጠን መዝለል ይቻላል፤ ውሃው ቅርብ ስለሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ወይም ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ነው። በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ቢያንስ 10 ደቂቃ በተከታታይ ይሁን የሚለው የቀድሞ ገደብ ቀርቷል። ስለዚህ በጣም በተጨናነቀ ቀን 2 ደቂቃም ይቆጠራል። በሐቅ ከታየ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ብቻውን ያን ልክ አይሞላም፤ አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድና በሳምንት ሁለት ቀን ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ መጨመር አለበት።

ለመግዛት

ለጀማሪ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቆጣሪ የሌለውን የፕላስቲክ ገመድ እመርጣለሁ። ይከብዳል፣ ስለዚህ የት እንደደረሰ እጅ ይሰማዋል፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ እግር ሲመታም እንደ ብረቱ አያቃጥልም። የብረቱን በደቂቃ 120 ዙር ሳይጠለፍ ለሚያዞር ሰው ነው የምመክረው። የብረቱን የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን አስከፍቱት። እጀታውን ይዛችሁ ጭንቅላቱን በጣት አዙሩት፣ ሳይንጫጫና ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ገመዱን ሳብ አድርጉት፣ ከብሎኑ ሥር ከተንሸራተተ ተውት። ብሎኑ የሚገባበት ጥርስ ብረት መሆኑን እዩ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ከጥቂት ማጥበቅ በኋላ ይበላል። ቆጣሪውን አብሩና 20 ጊዜ አዙሩ፣ 20 ካላለ ሌላ ያውጡላችሁ።