ለቲሩማላ ደረጃ የትኛው የጀርባ ቦርሳ ይሻላል? የ349፣ የ450፣ የ120 እና የ80 ሩፒው ሲወዳደሩ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ወደ ህንዷ ከተማ ቪሻካፓትናም ከመጡ አንድ ሁለት ወር በኋላ ያው ጥያቄ ይደርሰኛል። «የክፍል ጓደኞቼ ቲሩማላ አብረን እንውጣ ብለውኛል፤ ምን ዓይነት ቦርሳ ልግዛ?» ቲሩማላ ማለት ብዙዎች ደረጃ በእግራቸው ወጥተው የሚደርሱበት፣ ተራራ ላይ ያለ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው። ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን ጽፌው ልገላገል።

መልሱን ላስቀድም። ዴካትሎን የሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር ኬችዋ በሚል ስም የሚሸጣትን ባለ 10 ሊትር ተራ ቦርሳ ግዙ። እኔ 349 ሩፒ ከፍዬባታለሁ። ወደ ብር መመንዘሩን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ የእኔ ስሌት እናንተ እስክታነቡት ድረስ ያረጃል። በነገራችን ላይ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ወረፋ ለማሳጠር የሚቆረጠው ልዩ ትኬት 300 ሩፒ ነው። ቦርሳዋ ከአንድ ትኬት እምብዛም አትበልጥም ማለት ነው።

ይህን ያወቅኩት ግን መጀመሪያ በ450 ሩፒ ተታልዬ ነው። ገበያ መሃል፣ የታወቀ ድርጅት ስም በትልቁ የታተመበት ጥቁር ቦርሳ ተሰቅሎ አየሁ። ሻጩ 900 አለኝ። ተከራክሬ በግማሹ ሳስወርደው የመርካቶ ልጅነቴ ሠራ ብዬ ኩራት ኩራት አለኝ። ቦርሳው በእርግጥ ስንት ያወጣ እንደነበር የገባኝ ደረጃው ላይ ነው።

አሊፒሪ ከሚባለው የተራራው ግርጌ እስከ ላይ 3,550 ደረጃ አለ። (በስሪቫሪ ሜቱ በኩል የሚወጣው መንገድ አጭር ነው፣ 2,388 ደረጃ፤ ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው።) አንድ ሺህ ሳልሞላ የግራ ማንገቻዬ ከሥሩ ተነቀለ። ስፌቱ በአንድ ተራ ክር ብቻ ተይዞ ኖሯል። ከሁሉ የገረመኝ የማንገቻው ሆድ ነው፤ ስፖንጅ መስሎኝ ስጫነው የነበረው ነገር የታጠፈ ካርቶን ሆኖ ተገኘ። ላቤ አርሶት ፍርፍር መስሏል። የቀረውን መንገድ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ።

ሒሳቡ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ተመልሼ መንገድ ዳር ላሉ ጫማ ሰፊ ማንገቻውን በ30 ሩፒ አሰፋሁ። በሳምንቱ የዚፑ ራስ አፉን ከፈተ፤ ሲስቡት ይሄዳል፣ ጥርሱ ግን አይገጥምም። 40 ሩፒ። ሰፊው ሁለተኛ ጊዜ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሳቁ። ወር ሳይሞላ የኪሱ ዚፕ ተከተለ፤ ሌላ 40። ድምሩ 560 ሩፒ ይመጣል፣ ያውም የአውቶ ሪክሻውን ሳልቆጥር። በዚህ ገንዘብ ኬችዋዋን ገዝቼ ለአራት ላዱ የሚበቃ ይተርፈኝ ነበር። ላዱ ማለት ከቤተ መቅደሱ የሚሰጠው በቅቤ የራሰ ድብልብል ጣፋጭ ነው፣ አንዱ 50 ሩፒ።

ኮፒ ላለመግዛት ቀላል ዘዴ አለ። ሻጩ ፊት ቦርሳውን ገልብጡት። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከውስጥ በኩል እዩ፤ ክሩ አራት ማዕዘን ሠርቶ መሃሉን በመስቀል ካልያዘው አስቀምጡት። ከዚያ ዚፑን በአንድ እጅ ብቻ፣ በማዕዘኑ ላይ ሳቡት። ቀጥታው ላይ ሁሉም ዚፕ ጨዋ ነው፤ አመሉ የሚታወቀው ሲታጠፍ ነው። በመጨረሻ ማንገቻውን አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ካርቶን ከሆነ እንደታጠፈ ይቀራል። ሻጩ «ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

«10 ሊትር አያንስም?» ይሉኛል። አያንስም። በእግር ለሚወጣ ሰው ትልቁን ሻንጣ አሊፒሪ ላይ ይረከቡትና በነጻ በመኪና ተራራው አናት ድረስ ያደርሱለታል። በጀርባችሁ የሚቀረው ውሃ፣ ስልክ፣ ፎጣ፣ ጓደኞቻችሁ ደግሞ ለጸሎት የሚለብሱት ነጭ ዶቲ ነው። ዶቲውን እንደ እኛ ነጠላ አስቡት፤ ተጨማዶና ቅቤ ነክቶት እንዲወጣ አይፈልጉም። ውሃውን በብረት ኮዳ ያዙ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተራራው ላይ ተከልክሏል። ቦርሳው ከፍ ካለ ደግሞ ሰው ባዶ ቦታ አይወድምና ይሞላዋል፤ ከሁለት ሺኛው ደረጃ በኋላ የሚያማርረው ያን ጊዜ ነው።

በፍተሻው ላይ አንድ ምክር፦ ሥጋ፣ መጠጥና ሲጋራ ወደ ተራራው አይገባም። እናታችሁ የላኩት ቋንጣ ኪሳችሁ ውስጥ ተረስቶ እንዳይሆን። ቆሎ ግን ያዙ። እኔ ግማሽ ኪሎ ይዤ ሄጄ እግር ማሳረፊያው ጋ ሳንደርስ አለቀ፤ ከማላውቃቸው ቤተሰቦች ጋር ሁሉ ነው የተካፈልነው።

ባለገመዱ ከረጢት፣ አፉ በገመድ የሚታሰረው፣ 120 ሩፒ ነው። ፍተሻ ላይ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፣ ዚፕ ስለሌለው የሚበላሽ ነገር የለውም። ለቅርብ ቤተ መቅደስ አልጠላውም። ውሃ የሞላ ኮዳ ገብቶበት ደረጃ ስትወጡበት ግን ገመዱ ትከሻ ይሰነጥቃል። ዝንጀሮዎቹም ይወዱታል። አንዷ ከጓደኛዬ ጀርባ ላይ ገመዱን ሳብ አድርጋ ሙዙን አውጥታ፣ እኛ ዞር ሳንል ልጣጩን ጥላው ሄደች። ሙዝ የያዘ ሰው ባለዚፕ ይግዛ።

የጥጥ ከረጢቱ፣ በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠለው፣ 80 ሩፒ፣ ከሁሉም ያምራል። ፎቶ ላይ እሱን የሚያህል የለም። እኔ ግን ላዱ ተሸክሞ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ቅቤው በጨርቁ አልፎ የጓደኛዬን ሸሚዝ ከወገቡ እስከ ብብቱ አበሰበሰው፤ ሌሊት ባቡር ውስጥ ደግሞ ጉንዳን የተሰለፈበት መንገድ ከመስኮቱ እስከ ከረጢቱ ድረስ ተዘረጋ። ለዝናብም አይሆንም። እዚሁ ቪሻካፓትናም ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ በሙሉ ጨረቃ ቀን የሲምሃቻላምን ኮረብታ በእግር መዞር አለ፣ 32 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ሰው ባዶ እግሩን። ወቅቱ ዝናብ ነው። ያን ቀን የጥጥ ከረጢት ያንጠለጠለ ሰው ውሃ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። እርግጥ ኬችዋዋም ብትሆን ዝናብ አትችልም፤ ስልክና ገንዘብ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ ክተቱ። የእሷ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፣ አልደብቅም።

ስለ ቆዳ ቦርሳ ብዙ አልልም። ከአገር ቤት ያመጣችሁት የሚያምር ቆዳ ቢሆንም ዶርም ይቀመጥ። ፑሪ በምትባለው ከተማ ባለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ቀበቶና የኪስ ቦርሳ እንኳ ቆዳ ከሆነ አይገባም። እዚያ ለነገሩ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ራሱም አይገባም።

«አንተ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው?» ለምትሉኝ፦ ቲሩማላ ላይ ሂንዱ ያልሆነ ሰው በአምላካቸው እንደሚያምን ፈርሞ ነው የሚገባው። እኔ አልፈረምኩም። ጓደኞቼ ወረፋ ሲገቡ የስድስት ሰው ቦርሳ ታቅፌ ከውጭ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሙሉ። ያን ያህል ጊዜ ከቦርሳ ጋር የተቀመጠ ሰው የትኛው ስፌት እንደሚከዳ ለይቶ ያውቃል። ከስድስቱ ሁለቱ ኬችዋ ነበሩ፤ አንዷ የአራት ዓመት ዕድሜ ነበራት፣ የደበዘዘው ቀለሟ ብቻ ነው። የ10 ዓመት ዋስትና እንዳላት የነገረኝ ባለቤቷ ደረሰኟ ጠፍቶበት ሲበሳጭ ነው፤ እናንተ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የቦርሳ ጠባቂ ጓደኛ የሌላችሁ ግን ስልክና ቦርሳ ለማስረከቢያው ክፍል ትሰጣላችሁ። ስለዚህ ቀለም ስትመርጡ ጥቁር አትግዙ። ብርቱካናማ ካለ ብርቱካናማ፣ ከሌለ ማንገቻው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ምክሬን ንቆ ጥቁር የገዛ አንድ ልጅ ከማስረከቢያው ቦርሳውን ተቀብሎ ባቡር ጣቢያ ደርሶ ሲከፍት፣ ሦስት ኮኮናትና አንድ ጥንድ የሕፃን ካልሲ አገኘ።